ያልተንጠባጠበው ዘይት

ሰው ፊት ስለ ጾም አፌን ሞልቼ መናገር ካቆምኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ምነው ዝም አልክ ለሚሉኝ ሁሉ ጉንፋን ነው እላለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን እነግራችኋለሁ። አትስቁብኝም ብዬ አይደለም፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ ወደየጉዳያችሁ ትሄዳላችሁ ብዬ ነው። የቤቴ ሰዎች ግን ይኸው እስከ ዛሬ ስቀው አልጨረሱም። እኔን ያዋረደኝ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ ነው።

ልጄ ሶልያና እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ ሊትልተን ያለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ራፋ የሚባል ስፔናዊ ልታገባ ቀለበት አስራለች። ራፋ ሸጋ ልጅ ነው፤ ከአማርኛ "እሺ" የምትለውን አንዲት ቃል ተምሮ፣ በእሷ ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ተግባብቷል። ችግሩ እናቱ ናቸው። ሴኞራ ፒላር ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ያላቸው አንድ ልጅ ደግሞ አሜሪካ እቀራለሁ አላቸው። "እንግዲያው የምትቀርበትን ቤት ልየው" ብለው ትኬት ቆረጡ።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን ሶልያና ደወለችልኝ።

"ዳዲ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ፍራይዴይ ጠዋት ቁርስ እናንተ ጋ ነው። የራፋ እናት ሪሊ ሳድ ናት። እኔ ልጇን የወሰድኩባት ነው የሚመስላት። አንድ ጠዋት ብቻ ቤቷ ያለች እንዲመስላት እፈልጋለሁ። ዛትስ ኦል።"

ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረብኝ። ሶልያና በቀላሉ የምታለቅስ ልጅ አይደለችም፤ ስለዚህ እኔም ደንግጬ ምን እንሥራላቸው አልኳት።

"ሁልጊዜ ጠዋት የምትበላው ቶስት አለ። ማሚ ብትሠራው አሥራ ሁለት ዓይነት ነገር ትጨምርበታለች፤ ስለዚህ አንተ ነህ የምትሠራው። ዳቦ ትጠብሳለህ፣ ነጭ ሽንኩርት ታሽበታለህ፣ ቲማቲም ፈቅፍቀህ ትቀባዋለህ። ከዛ የወይራ ዘይትና ጨው።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያ ትበላዋለህ።"

"ከምን ጋር?"

"ዳዲ!"

"ትንሽ ቃሪያ እንኳ?"

"ኖ።"

"በርበሬ ነካ ባደርግበት፣ ለመልኩ ያህል?"

"ዳዲ፣ ምንም ነገር እንደማትጨምር ፕሮሚስ አድርግ።"

ፕሮሚስ አደረግኩ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ብዙ አሰበች። "ይሄማ የፍትፍት ጅማሬ እንጂ ምግብ አይደለም፤ ሴትዮዋ ይሉኝታ ይዟቸው ነው" አለች። በእኛ ቤት እንግዳ "ትንሽ ይበቃኛል" ሲል የሚሰማው የለም፤ እንዲያውም ያኔ ነው ጭልፋው የሚጠልቀው። ለእንግዳ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ ማቅረብ ለጥሩወርቅ በሩን ከፍቶ "ካፖርትህ እዚያ አለ" እንደ ማለት ነበር። ግን ቆየት ብላ ፊቷ በራ። "ቆይ፣ ዘይት፣ ቲማቲም፣ ዳቦ... ይሄ እኮ የጾም ነው! ሰዎቹ ሳያውቁት ይጾማሉ ማለት ነው።" በዚህ ተጽናናች።

ስለ ጾሙ ልንገራችሁ፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። ጥሩወርቅ በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም። ግሌንዴል አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ቁርስና ምሳ እየጨመረች የራሷን አፍ ትዘጋለች። ሠላሳ ዓመት ሳውቃት አንድ ቀን ገድፋ አታውቅም። እኔ ደግሞ ከፍስክ እከለከል እንደሆነ እንጂ ሰዓት የሚባል ነገር ጠብቄ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን በቅበላው ሰሞን ክርስትና ቤት፣ ሦስተኛውን ቢራ ይዤ፣ "ዘንድሮ እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነኝ!" ብዬ አወጅኩ። ቢራው ነው የተናገረው፤ የሰሙት ግን ሁሉም ናቸው። ጥሩወርቅ በደስታ ለማኅበር ጓደኞቿ በየተራ ደወለች። የንስሐ አባታችን እሑድ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "በርታ ልጄ" አሉኝ። በረታሁ። አራት ቀን በረታሁ።

በሦስተኛው ቀን ነው እንግዲህ ልጄ የደወለችው፤ በማግስቱ ልምምድ ጀመርኩ። ጥሩወርቅ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወደ ሥራ ስለምትወጣ ወጥ ቤቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ያንን በላስቲክ የሚሸጠውን ስላይስ ዳቦ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱን ሳሽበት መሐሉ ተቀዶ ጣቴ በዚያ በኩል ወጣ። ሁለተኛ ቀን ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካለው የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ያንን ሁለት ጫፉ ሾል ያለ ዳቦ ገዛሁ። ለሁለት ሰነጠቅኩት፣ ጠበስኩት፣ አሸሁት፣ ቀባሁት፣ ዘይቱን አፈሰስኩበት፣ ጨው በተንኩበት። ቤቱን የሞላው ሽታ ምን እንደሚመስል እዚህ ባልጽፈው ይሻላል፤ ከእናንተ መሐል የሚጾም ሊኖር ይችላል።

ታዲያ ምግብ የሠራ ሰው ጣዕሙን ማወቅ አለበት ወይስ የለበትም? ይህንን ጥያቄ ለራሴ አቀረብኩ፤ ራሴም ወዲያው ፈቀደልኝ። ለልጄ ትዳር እንጂ ለሆዴ አይደለም አልኩ። ቤት ውስጥ መቅመስ ግን ስላስፈራኝ በፎይል ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ።

ሥራዬ በቫን ሰው ኤርፖርት ማመላለስ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ፓርኪንግ አለ፤ ግማሹ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ጥግ ይዤ ፓርክ አደረግኩና ፎይሉን ገለጥኩ። አንዴ ብቻ ለመግመጥ ነበር ሐሳቤ። ገመጥኩ፤ ዘይቱ ከነቲማቲሙ ተንደርድሮ ነጭ ሸሚዜ ላይ ወረደ። ይህ ለካ ዝም ብሎ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ዘዴ ይፈልጋል። ዘዴውን ለማግኘት ደግሞ ሁለተኛ መግመጥ ግድ ሆነ፤ ከዚያ ሦስተኛ፤ ከዚያ ፎይሉ ባዶ ነበር።

ማታ ጥሩወርቅ ሸሚዙን አይታ "ምንድን ነው ይሄ?" አለችኝ።

"የመኪና ዘይት ነው። ቫኑ ያንጠባጥባል።"

"አንጀቴን! በባዶ ሆድህ መኪና ሥር ትገባለህ?" አለችና ሸሚዙን ወስዳ በእጇ አሸችው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ግን "ምን ይደረግ፣ ሥራ ነው" የሚል ነገር ወጣ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ሠራሁ፤ አንዱ ለልምምድ፣ አንዱ የልምምዱን ውጤት ለማረጋገጥ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ በሩን ዘግቼ አፌን ሞልቼ ሳለሁ መስኮቴ ተንኳኳ። ጀማል ነው። ጀማል የመርካቶ ልጅ ነው፤ አብረን ስንነዳ ዘጠኝ ዓመታችን። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ስለገቡ፣ ከሳምንት በፊት ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን "እኔም እስከ ማታ፣ አንተም እስከ ዘጠኝ" ተባብለን ፎቶ ተነስተን ነበር። ፎቶው የሾፌሮች ግሩፕ ላይ አለ።

መስኮቱን አወረድኩ። ነጭ ሽንኩርቱ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ ሰላም አለው።

"አንተዬ! ጾም አይደለህም እንዴ?"

"እየቀመስኩ ነው።"

ፎይሉን አየ። አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ነበር። "ይሄ ግማሹ ተቀምሶ ያለቀ ነው?"

የልጄን ነገር፣ የሴትዮዋን ነገር፣ ቤቷ ያለች እንዲመስላት የተባለውን ሁሉ ነገርኩት። ጀማል በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዳቦውን በሩቁ አሸተተና "ጨው ያንሰዋል" አለ።

"በማሽተት ጨው ይታወቃል?"

"የጾመ ሰው ያውቃል። ወላሂ፣ አንተ ነህ የማታውቀው። ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ንገራት፤ እሷ ሰው ናት።"

እነግራታለሁ አልኩት። ጨዉ በእርግጥም አንሶት ነበር።

አልነገርኳትም። እንዲያውም በዚያ ሳምንት ዘዴውን አገኘሁት። ዳቦውን በሦስት ጣት ትይዛለህ፤ ግራ መዳፍህን ከሥሩ ትዘረጋለህ፤ የፊቱን ጠርዝ ትንሽ ከፍ አድርገህ፣ አንገትህን ቀለስ አድርገህ፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ጥግ መጀመሪያ ትገምጣለህ። አንዲት ጠብታ አትወድቅም። ሸሚዜ ነጭ እንደሆነ ቤት ይገባ ጀመር። ጥሩወርቅም "ተመስገን፣ ቫኑ ተሠራልህ ማለት ነው" አለችኝ። ጸሎት ይዛለት ኖሯል። ለቫኑ።

ሐሙስ ዕለት ዴንቨር ቲሸርት የሚያስለብስ ፀሐይ ነበር፤ ዓርብ ሲነጋ በረዶ። ጥሩወርቅ ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታለች። ሦስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ጫማቸውን እያራገፉ ገቡ። ሴኞራ ፒላር አጠር ያሉ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። በአንድ እጃቸው የልጃቸውን ክንድ፣ በሌላው ትልቅ ቆርቆሮ ይዘዋል፤ ከወንድማቸው እርሻ የመጣ የወይራ ዘይት ነው። ስፓኒሽ እንጂ ሌላ አይናገሩም፤ ራፋ ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጉማል። አልሳቁም። ወንበሩን፣ ግድግዳውን፣ እኔን በየተራ አዩ። ሶልያና ከኋላቸው ሆና ጥፍሯን ትበላለች።

ዳቦውን በእሳቸው ዘይት ሠርቼ አቀረብኩ። ራፋ "እናቴ ብቻዋን አትበላም፤ ለሁሉም ይቅረብ" ስላለ አምስት ሳህን ነው የተደረደረው። በርበሬ የለም፣ ቃሪያ የለም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ሴኞራ ፒላር ሳህናቸውን አይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። ሶልያና ተነፈሰች። እኔም ተነፈስኩ።

"ብሉ እንጂ" አልን እኔና ጥሩወርቅ ባንድ ድምፅ።

ሴኞራ ፒላር እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። "ይብሉ፣ በሞቴ" አለች ጥሩወርቅ። አልበሉም። ጨንቆኝ ዳቦዬን አነሳሁ፤ እሳቸውም አነሱ። መልሼ አስቀመጥኩ፤ እሳቸውም አስቀመጡ።

"የቤቱ ባለቤት ሳይጀምር እኛ ጋ እንግዳ አይበላም" አለ ራፋ።

"እኛ ጋ ደግሞ እንግዳ ሳይበላ ባለቤት አይጀምርም" አልኩ።

ዳቦው በመሐላችን ይበርዳል። በመጨረሻ ሶልያና መጾማችንን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማንቀምስ ለራፋ ነገረችው፤ ራፋም ለእናቱ። እሳቸው በአክብሮት ሰምተው ሳህኑን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። ለእኔም ጾም ነው፣ ዓርብም ነው፤ የቤቱ ሰዎች እየጾሙ እኔ አፌን አላንቀሳቅስም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብሬ እጠብቃለሁ አሉ።

"ኖ፣ ኖ፣ ኖ!" ሶልያና ከወንበሯ ተነሳች። "የስኳር ኪኒን አለባት፤ ከምግብ ጋር ነው የምትወስደው፤ አሁን መብላት አለባት! ራፋ፣ ንገራት!"

"ነገርኳት። እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው።"

የልጄ ዓይን ውኃ ሞላ። ቤቷ ያለች እንዲመስላት የተባለችው ሴት በረሃብና በኪኒን መሐል ተቀምጣለች። ያኔ ጥሩወርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ አለችኝ፦ "እኔ ልብላ። እግዜር ያውቃል፣ ይቅር ይለኛል። አንተ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ድረስ ደርሰህ አትሰበርብኝ።"

ሠላሳ ዓመት ያልገደፈች ሴት፣ የእኔን ጾም ለማዳን የራሷን ልትሰጥ። የቱን ጾም! እንደዚያን ጊዜ በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ግን እንግዳ ፊት ነው አልኩና የባሰውን አደረግኩ።

"አይሆንም። እኔ እበላለሁ" አልኩ። ጣሪያውን አየሁ፤ በረጅሙ ተነፈስኩ፤ አማተብኩ። ጥሩወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሶልያና "ዳዲ" አለች፣ በልጅነቷ ብስክሌት የገዛሁላት ቀን ባለችው ድምፅ። ዳቦውን አንስቼ ገመጥኩ። ሴኞራ ፒላርም ገመጡ፤ ኪኒናቸውን ዋጡ። ቤቱ በሙሉ እፎይ አለ። እኔም ሰማዕት ሆኜ ሁለተኛውን ገመጥኩ፤ ሦስተኛውን።

ሴኞራ ፒላር እያላመጡ እጄን ትክ ብለው ያዩ ነበር። ከዚያ ሸሚዜን አዩ። ለልጃቸው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ራፋ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"እሺ" አለ ራፋ።

"እሺማ አይደለም ያሉት። ንገረን እንጂ!"

"ምግቡ ጥሩ ነው ትላለች።"

"ያን ሁሉ ተናግረው? አትፈር፣ ቤተሰብ ነን፤ ሁሉንም ተርጉምልን!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። ልብ በሉ፣ ማንም አላስገደደኝም።

ራፋ ወደ ጠረጴዛው አቀርቅሮ ተረጎመ። "'ይሄ ሰው ዛሬ አይደለም የጀመረው' ነው የምትለው። 'ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላው ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ያንጠባጥባል። እሱ መዳፉን ከሥር ዘርግቶ፣ ከጥጉ ጀምሮ፣ ልክ እንደኛ ሰፈር ሰው ነው የሚበላው' አለች።"

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ቀስ ብላ ትከሻዋ ላይ መለሰች።

"ራፋ፣ እናትህን ጠይቅልኝ" አለች። "ሰው እንዲህ አድርጎ ለመብላት ስንት ቀን ይፈጅበታል?"

ሴኞራ ፒላር አሰቡ። ሁለት ሳምንት፤ ጎበዝ ከሆነ አሥር ቀን አሉ።

"ጎበዝስ አይደለም" አለች ጥሩወርቅ። ወደ እኔ ዞረች። "የመኪናው ዘይት! ነጭ ሽንኩርት ሸቶኝ እኮ አፍንጫዬን ነው የተጠራጠርኩት! ለቫን ጸልያለሁ! ከእንግዲህ ሸሚዝህን ራስህ ታጥባለህ!"

ሶልያና ለራፋ፣ ራፋ ለእናቱ፣ ሁሉም ተተረጎመ፤ ሸሚዙም፣ ቫኑም፣ ጸሎቱም። እኔ ሳህኔን አቀርቅሬ አያለሁ። ሴኞራ ፒላር ተነሱ። በቃ፣ ልጃቸውን ይዘው ሊሄዱ ነው አልኩ፤ የልጄን ትዳር በዳቦ አፈረስኩት። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን ዞረው ጥሩወርቅ አጠገብ ቁጭ አሉና እጇን ያዙ። ሟቹ ባለቤታቸው በጾም ዓርብ ዓርብ ከዘይቱ ቆርቆሮዎች ኋላ ቋሊማ ደብቀው ይበሉ ነበር አሉ። እሳቸውም ዓመታት ሙሉ የማያውቁ መስለው ሸሚዙን አጥበውላቸዋል። ይህን ሲናገሩ ሳቁ፤ ሳቁና ደግሞ አለቀሱ። ጥሩወርቅም ሳቀችና አለቀሰች። ራፋ ማስተርጎሙን ተወ፤ የሚፈልገውም አልነበረም።

ሊወጡ ሲሉ ሴኞራ ፒላር የልጃቸውን ጉንጭ ያዝ አድርገው አንድ ነገር አሉት። ራፋ ሳንጠይቀው ተረጎመ፦ "'ቤቴ ያለሁ መሰለኝ' አለች። 'ከእነዚህ ጋር ብትቀር አይከፋኝም' አለች።" ቆርቆሮውን ግን ለእኔ አልሰጡም። ለጥሩወርቅ ሰጥተው በጣታቸው ወደ ቁም ሳጥኑ ጫፍ አመለከቱ።

ሶልያና በሩ ላይ አቀፈችኝ። "ታንክ ዩ ዳዲ... አይ ገስ" አለች።

ጥሩወርቅ እስከ እሑድ ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችኝም። ሸሚዞቼን ራሴ አጠብኩ፤ ማጠብ ከተባለ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትወጣ "ዛሬስ?" አለችኝ። "እስከ ዘጠኝ" አልኳት። ፎይል ሳልይዝ ወጣሁ። ጀማል መስኮቴን አንኳኩቶ አፌን አሸተተና እጁን ሰጠኝ። አምስት ሰዓት ላይ ራሴን አመመኝ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ ሰው ልጅ ያለኝ አስተያየት ሁሉ ተበላሸ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ቤቴ ገባሁ።

ጥሩወርቅ ቀድማኝ ገብታ ዳቦውን ሠርታ ጠበቀችኝ። ቃሪያ ከትፋበታለች፤ ቃል የገባሁት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም። ፊት ለፊት ተቀመጥን። ዳቦውን ሳነሳ ከረሃቤ የተነሳ ሦስት ጣቱም፣ መዳፉም፣ ጥጉም ከራሴ ጠፉ። ዘይቱ ከአገጬ እስከ እምብርቴ ሸሚዜ ላይ ወረደ።

ጥሩወርቅ ማላመጧን አቁማ ሸሚዙን አየችው።

"አውልቀው" አለች። "ይሄንንስ እኔ አጥበዋለሁ።"